የእትዬ ዘሐራ ጃፓንኛ

የሚቆላ ሰሊጥ ሽታ ለሌላው ሰው የዘይት ቤት ሽታ ነው። ለእኔ የጃፓንኛ ትምህርት ሽታ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ግን ባለፈው ወር ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ፣ ተዘግቶ የከረመ አንድ የሰሊጥ መጭመቂያ ሥራ ጀምሮ በደጁ ሳልፍ፣ እግሬ ቆመና አፌ ሳላዘው «አትሱይ፣ አትሱኩናይ፣ አትሱካታ» አለ። ባለመጭመቂያው ሽማግሌ ቀና ብሎ አየኝ። ጸሎት ላይ ያለሁ መስሎት መሰለኝ፣ «አሚን» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም አላረምኩትም።

ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ካላክላ ውስጥ፣ በአንድ ሰፊ ግቢ ካሉ አራት ክፍሎች በአንዱ፣ ከእናቴ ታላቅ እህት ከእትዬ ዘሐራ ጋር እኖር ነበር። እናቴ ፖርት ሱዳን አንድ ቤት እያደረች ስለምትሠራ የማያት ለዒድ ብቻ ነው። እትዬ ዘሐራ ከወሎ የወጣችው እኔ ሳልወለድ ነው። ረጅም፣ አጥንተ ሰፊ ሴት ነበረች። ቶቧን፣ ያን የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ፣ ሁልጊዜ ተኩሳ ነው የምትለብሰው። ፊደል አትቆጥርም። ግን አንድ ጊዜ የሰማችውን ነገር ከአእምሮዋ ማውጣት ጉልበት የሚጠይቅ ይመስለኛል።

የምትሠራው ጀሪፍ፣ ዓባይ ዳር፣ የአንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ቤት ነበር። ምግብ ታበስላለች፣ ቤት ታጸዳለች። የመሐንዲሱ ሚስት ማዳም ሳቺኮ አራት ዓመት ካርቱም ስለኖረች የገበያ ዐረብኛ ትናገራለች፤ የእትዬ ዘሐራም ዐረብኛ የገበያ ስለሆነ ሁለቱ ጥሩ አድርገው ይግባባሉ። ሰሊጥ ቆልቶ፣ በሙቀጫ ግማሽ በግማሽ ወቅጦ የተቀቀለ ቅጠል ላይ መነስነስን ያስተማረቻት ማዳም ሳቺኮ ናት። እትዬ ዘሐራም በዚያ ነገር እልህ ይዟት፣ ቤታችን ውስጥ በየቀኑ ሰሊጥ ትቆላ ነበር። ልክ ከማረሩ አንድ ትንፋሽ በፊት ማውጣት አለብሽ ትላለች። ብዙ ጊዜ ያቺ አንድ ትንፋሽ ታመልጣትና ያረረውን እኔ እበላዋለሁ።

ሺታ ሲገባ፣ ማለትም ከሰሜን የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ከንፈር የሚሰነጥቅበት የብርድ ወራት ሲጀምር፣ እትዬ ዘሐራ አንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ መጣች። እነማዳም ሳቺኮ ሺታው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው። በቦታቸው ሌላ መሐንዲስ ከሚስቱ ጋር ይመጣል። አዲሲቱ ማዳም ዐረብኛ አታውቅም፣ ከራሷ ቋንቋ ሌላ ብዙም አትናገርም። ቢያንስ የወጥ ቤቱን ነገር የሚግባባት ሰው ካላገኘች፣ ከሌላ አገር ቋንቋዋን የምትችል ሠራተኛ አስመጣለሁ ብላለች።

ጉዳዩ የሥራ ብቻ አልነበረም። የእትዬ ዘሐራ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ፣ የተያዘው በዚያ ቤት ስም ነው። ቤቱ ከቀረ ኢቃማው አይታደስም። ኢቃማ የሌለው ሰው ደግሞ ከሻ የሚሉት ነገር ይጠብቀዋል፦ ፖሊስ መንገድ ዘግቶ ወረቀት እየጠየቀ የሌለውን በመኪና ያፍሳል። እሷ ከታፈሰች እኔ ያየሁትን አገር ትቼ ወዳላየሁት ወደ ወሎ መሄዴ ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም። በግቢያችን የሚኖረው የጎንደሩ ሰው ጋሽ ብርሃኑ፣ የሃፍላ፣ የትንሽ አውቶቡስ ሾፌር፣ ለእሷ ሲላት ሰማሁ።

«ዘሐራ፣ ኢቃማሽ ካለቀ እኮ ካላስ ነው። አንቺም ልጅቷም።»

«ማዳም ታስተምርሻለሁ ብላኛለች» አለችው።

«ምን?»

«ጃፓንኛ።»

ጋሽ ብርሃኑ የሚጠጣው ሻይ ትን አለው። «ወላሂ ዐረብኛሽንም ገና አልጨረስሽው!»

«እርሶም አማርኛዎን ረስተዋል፤ ማን ምን አለዎት?» አለችውና ሰሊጧን ማማሰል ቀጠለች።

ማዳም ሳቺኮ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ መጽሐፍ ነበራት። መጽሐፉ የሚጀምረው ከሰላምታ ነው። እትዬ ዘሐራ ግን ሰላምታውን ይለፈኝ አለች። ሰላምታ በእጅም በአንገትም ይሆናል፤ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» የሚለውን ግን በእጅ ማስረዳት አይቻልም። ሾርባው ሞቃት ነው ወይስ ቀዝቅዟል፣ ሚጥሚጣው ያቃጥላል፣ ክፍሉ ንጹህ ነው፣ ትናንትና የነበረው ይሻል ነበር፤ የወጥ ቤት ወሬ ከዚህ አያልፍም አለቻት። ማዳም ሳቺኮም አሰበችበትና እውነቷን ነው አለች። ስለዚህ እትዬ ዘሐራ ጃፓንኛን የጀመረችው ከመሃሉ፣ እኔ ትምህርት ቤት ቅጽል እየተባልኩ ከተማርኳቸው ቃላት ነው። አሁን ሳስበው፣ ምን እንደሚያስፈልጋት እንዲህ አጥርታ የምታውቅ ተማሪ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የእኔ ሥራ ጸሐፊነት ነበር። እሷ በየቀኑ ከጀሪፍ ካላክላ ድረስ፣ ሁለት ሃፍላ ቀያይራ፣ አሥር ቃል በአፏ ይዛ ትመጣለች። እንዳይፈሱባት መንገድ ላይ ማንንም አታናግርም። ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቃት እንኳ ዝም ብላ እጇን ትዘረጋለች። ሰፈሩ ሁሉ ዘሐራ ምን አስኮርፏት ነው ይል ጀመር። ግቢ ገብታም ሰላም አትለኝም። ቶቧን ሳታወልቅ አግዳሚው ላይ ቁጭ ትልና አሥሩን ቃል ከነትርጉሙ ታራግፍልኛለች፤ እኔ በፊደላችን ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ። አሥረኛው ሲያልቅ ውሃ ትጠጣና «እንዴት ዋልሽ፣ አንቺ ጎራዳ» ትለኛለች።

ከዚያ ትምህርቱ ይቀጥላል፤ እኔ ከደብተሩ እጠይቃለሁ፣ እሷ ሰሊጧን እያማሰለች ትመልሳለች።

ቃላቱ ሁለት ዘር ነበራቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁሉ መጨረሻቸው «ኢ» የሚል ድምፅ ነው። አትሱይ ሞቃት፣ ካራይ የሚያቃጥል፣ አማይ ጣፋጭ። እነዚህ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። «አይደለም» ለማለት ያቺን የመጨረሻ ድምፅ ይጥሉና «ኩናይ» ያበቅላሉ፤ «ነበር» ለማለት «ካታ» ያበቅላሉ። አትሱይ ሲባል ሞቃት ነው። አትሱኩናይ ሲባል ሞቃት አይደለም። አትሱካታ ሲባል ሞቃት ነበር። ሌላ ቃል አያስፈልግም፤ ትናንትናውም ክህደቱም እዚያው ቃሉ ሆድ ውስጥ ነው።

እትዬ ዘሐራ ይህን የነገረችኝ ቀን በጣም ተገርማ ነበር። «የኛ ሞቃት ሰነፍ ነው» አለችኝ። «ነበር እና አይደለም ካልተሸከሙት ከተቀመጠበት አይነሳም። የነሱ እንደ ግድግዳዋ እንሽላሊት ነው፤ ጭራውን ጥሎ ሌላ ጭራ ያበቅላል።»

እኔ ይህን እንደ ምሳሌ አልሰማሁትም። ከውሃው ጋን ኋላ የምትኖረውን እንሽላሊት በመጥረጊያ አፍኜ ጭራዋን አስጣልኳትና ሁለት ቀን ሙሉ ምን እንደምታበቅል ስጠብቅ ከረምኩ። ጃፓን የሚባለውም አገር ሻይ ራሱ «ሞቃት ነበርኩ» እያለ የሚናገርበት አገር መስሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ አገር ሰው ሠራተኛ ለምን እንደሚቀጥር አልገባኝም።

ሁለተኛው ዘር ጭራ አያበቅልም። ሺዙካ ጸጥ ያለ፣ ጌንኪ ጤነኛ፣ ኪሬይ ንጹህ። ስም ፊት ሲቆሙ «ና» የምትል ድምፅ ይጨምራሉ፤ ጸጥ ያለ ክፍል ለማለት «ሺዙካ ና ሄያ» ይባላል። «አይደለም» ሲባል ደግሞ ቃሉ ሳይነካ «ጃናይ» የሚል ሌላ ቃል ይከተለዋል። ይህን ማዳም ሳቺኮ በሥዕልም በቀስትም ብታስረዳት ለእትዬ ዘሐራ አልገባ ብሏት፣ ሦስት ቀን ተበሳጭታ ከረመች። በአራተኛው ቀን ከሃፍላ ስትወርድ እየሳቀች ነበር።

«ቶብ ነው!» አለችኝ ከበሩ ላይ። «ና ማለት ቶብ ነው። ሺዙካ ቤቷ ብቻዋን ስትሆን እንዲሁ ናት። ሰው ፊት ስትወጣ፣ ማለት ስም ፊት ስትቆም፣ ቶቧን ትጠቀለላለች። አትሱይ ግን ያቺ ባለጌዋ፣ ባዶ ራሷን ትወጣለች።»

በማግስቱ ይህን ለማዳም ሳቺኮ ነገረቻት። ማዳም ሳቺኮ ብዕር አምጥታ መጽሐፏ ዳር ላይ ጻፈችው። እትዬ ዘሐራ ለእኔ ስትነግረኝ እንደ ዋዛ አድርጋ ነው፤ ግን በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ነገረችኝ። እኔ በበኩሌ ና የሚለብሱት ቃላት በሽተኞች መስለውኝ አዝንላቸው ነበር። በተለይ ጌንኪ ጤነኛ ማለት ሆኖ ያለ ደጋፊ አለመውጣቱ ግራ ይገባኝ ነበር።

ኪሬይ ደግሞ አሳቻ ነበር። መጨረሻው እንደነአትሱይ ይሰማል፤ ግን ባለ ቶብ ነው። በዚያ ላይ ንጹህም ቆንጆም ማለት ነው። የታጠበ ሰሃንም ኪሬይ፣ ሙሽራም ኪሬይ። እትዬ ዘሐራ ይህንን ቃል ከሁሉ አስበልጣ ወደደችው። ያን ሳምንት ግቢውን በቀን ሁለቴ ስትጠርግ፣ ድስቶቻችንን በአሸዋ ስታሽ፣ ጋሽ ብርሃኑ ሃፍላውን ከፊቷ እንዲያርቅ ተገደደ፤ ጎማውን ሳይቀር ልታጥብለት ነበር።

ጥሩ ማለት በአጭሩ «ኢ» ነው። «ጥሩ አይደለም» ሲባል ግን ከመሬት ተነስቶ «ዮኩናይ» ይሆናል። እኔ ይህ ስህተት ነው፣ መጽሐፉ ተሳስቷል ብዬ ተከራከርኩ። እትዬ ዘሐራ ግን «ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሲከፋ መልኩ ይጠፋብሻል» ብላ ያለ ክርክር ተቀበለችው።

አንድ ነገር ብቻ አልወድላትም ነበር። ዕቃን፣ ምግብን፣ አየሩን እንደ አመቺነቱ ታሞግሳለች ወይም ታነውራለች። ሰው ላይ ሲደርስ ግን፣ በተለይ ልጅ ላይ፣ መልካሙ ቃል ከአፏ አይወጣም። «አይደለም» የሚለውን የምትለማመደው በእኔ ነው። «ፋጤ ኪሬይ ጃናይ» ትላለች፤ ፋጤ ቆንጆ አይደለችም። «ፋጤ ጌንኪ ጃናይ።» ጤነኛ አይደለችም። ከወጥ ቤቱ ሆና በሁለት ቋንቋ ነው የምታነውረኝ። የጎረቤት ልጆች ይስቃሉ። እኔም ሲስቁብኝ አጥር ሥር ገብቼ የጋሽ ብርሃኑን የሃፍላ መስታወት እያየሁ አፍንጫዬን ቆንጥጬ ለማስረዘም እሞክር ነበር። እንደማትወደኝ፣ እናቴ አደራ ስላለቻት ብቻ እንደያዘችኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ታዲያ ይህን ሁሉ ሳምን ደብተሩን ለአንድ ቀን እንኳ አልተውኩም፤ የምትማረውን ነገር እንዴት እንደምትይዘው ማየት ያጓጓኛል። እጇ ሽንኩርት እየከተፈ፣ ዓይኗ በጭስ እያለቀሰ፣ አፏ ያለ አንዲት ስህተት ጭራውን ይጥላል፣ ያበቅላል፤ ቶቡን ያለብሳል፣ ያወልቃል። ያን የመሰለ ሰው አልወድም ማለት አልቻልኩም።

ሺታው አልቆ የመጀመሪያው አቧራ ሲነሳ አዲሶቹ ሰዎች መጡ። ማዳም ሳቺኮ ከመሄዷ በፊት እትዬ ዘሐራንና አዲሲቱን ማዳም ልታገናኛቸው ቀን ቆረጠች፤ ደብተሩን የያዘችውንም ልጅ አምጪልኝ አለቻት። አርብ ነበር። ጋሽ ብርሃኑ ዛሬ ተሳፋሪ አልጭንም ብሎ በባዶ ሃፍላ ጀሪፍ ድረስ ወሰደን። መንገዱን ሙሉ አላፌዘም፤ በሩ ላይ ሲያወርደን ብቻ «ያላ ዘሐራ፣ አሳዪያቸው» አላት።

ሳሎኑ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነበር። አዲሲቱ ማዳም፣ ማዳም ኖሪኮ፣ ወጣት ናት፤ ዓይኗ ሥር እንቅልፍ ማጣት ይታያል። እትዬ ዘሐራ ሻይ አቀረበችላት። ማዳም ኖሪኮ ወደ ኩባያው እየጠቆመች አንድ ነገር ጠየቀቻት።

«ኦቻ ዋ አትሱይ ዴስ» አለች እትዬ ዘሐራ። ሻዩ ሞቃት ነው።

ማዳም ኖሪኮ ቀና አለች። ስለ ትናንትናው አየር ጠየቀቻት፤ «አትሱካታ ዴስ» አለቻት፣ ሞቃት ነበር። ምግቡ ያቃጥል እንደሆነ ጠየቀቻት፤ «ካራኩናይ ዴስ»፣ አያቃጥልም። ኋላ ያለውን ክፍል እያሳየቻት እትዬ ዘሐራ ሳትጠየቅ «ሺዙካ ና ሄያ ዴስ» ስትል፣ ማዳም ኖሪኮ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። ማዳም ሳቺኮ ፊቷ በራ። እኔ ደብተሬን አቅፌ፣ ወሎም ኢቃማም ከጭንቅላቴ ጠፍተው፣ ኩራት ሊያፈነዳኝ ደረሰ።

ከውስጥ ልጅ አለቀሰ። ማዳም ኖሪኮ ሄዳ ይዛው መጣች። የስምንት ወር ወንድ ልጅ ነው፤ እንቅልፍ ያሞቀው ጉንጩ ቀልቷል፣ ፀጉሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ክንዱ ላይ እጥፋት በእጥፋት ነው። እንደዚያ ያለ ልጅ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር። ወደ እትዬ ዘሐራ ጠጋ አድርጋው፣ የዓለም እናት ሁሉ በምትጠይቅበት ድምፅ «ካዋይ ዴሾ?» አለቻት። ያምራል አይደል?

ካዋይን እናውቀዋለን። ደብተሩ ሰባተኛ ገጽ ላይ፣ የሚያምር፣ ደስ የሚል ልጅ፣ ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። እትዬ ዘሐራ ልጁን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ጎን መልሳ በደረቁ ትፍ ትፍ አለችና፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ካዋይኩናይ ዴስ» አለች።

አያምርም።

ማዳም ኖሪኮ መጀመሪያ ፈገግታዋ እንዳለ ቀረ፤ ቀስ በቀስ ነው የወረደው። ልጁን ወደ ደረቷ ሳበችው። ማዳም ሳቺኮ በዐረብኛ «ዘሐራ?» አለች። እኔ ተሳስታ መስሎኝ፣ አራት ወር የለፋችበት ነገር በአንድ ጭራ ሊጠፋ መስሎኝ፣ ዘልዬ «ካዋይ! ካዋይ!» ብዬ ጮህኩ። እትዬ ዘሐራ ክንዴን በቶቧ ሥር ይዛ ቆነጠጠችኝ፤ እስከ አጥንቴ ተሰማኝ። ማዳም ኖሪኮ ልጁን ይዛ ገባች፤ በሩን ዘጋች። ማዳም ሳቺኮ ወደ ውስጥ ተከትላት ገብታ ስትመለስ ዓይኗን ከእኛ እያሸሸች፣ እስክጠራሽ ድረስ ቤትሽ ሁኚ አለቻት።

ሃፍላው ውስጥ ጋሽ ብርሃኑ «ተማም? ሁሉ ደህና?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ዘሐራ ወደ እኔ ዞረችና «ማሻአላህ በዪ። ሰባት ጊዜ» አለችኝ። አልኩ። ሰባተኛው ላይ ለቅሶዬ መጣ።

«ካዋይን ረስተሽው ነው?» አልኳት።

«አልረሳሁትም።»

«ታዲያ ለምን?»

ድልድዩን ስንሻገር መስኮቱን እያየች ተናገረች፤ ለእኔ ይሁን ለጋሽ ብርሃኑ አላውቅም።

«ሐሰን የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ነበር። የዒድ ቀን አዲስ ጀለቢያ አልብሼ ደጅ ላይ አቆምኩትና፣ ከዚህ ልጅ የሚያምር ካለ አምጡና አሳዩኝ አልኩ። ጮክ ብዬ። ሌላ ሰው አይደለም፤ በገዛ አፌ ነው ያልኩት። በሳምንቱ ቀበርኩት።»

ልጅ እንደነበራት አላውቅም ነበር። ጋሽ ብርሃኑ ሃፍላውን ቀስ አደረገ።

«ማሻአላህ ብለሽ ካዋይ ብትይስ?» አልኳት ቆይቼ።

«ለሐሰንም በኋላ ሺህ ጊዜ ብያለሁ።»

«ሥራውስ? ኢቃማውስ?»

«ሥራ ይታጣል፣ ይገኛል። ያ ልጅ ገና ከአውሮፕላን መውረዱ ነው። አያት የለው፣ ክታብ አላሰሩለት። እናቱ አታውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ። የሚያውቅ ሰው ነው የሚጠየቀው።»

ክንዴ ላይ የቆነጠጠችኝ ቦታ አብጦ ነበር። በምራቋ አረጠበችና አሸችልኝ። ጎራዳ፣ ቀጫጫ፣ ኪሬይ ጃናይ ስባል የኖርኩት ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ አፍሬ ጭኗ ላይ ተኛሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሰው ፊት ጎራዳ ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዳይታወቅብኝ ፊቴን ብቻ አኮማትራለሁ።

ሦስት ቀን ማንም አልጠራትም። እሷ ወረቀቷ እንደሚያልቅ እያወቀች ትጠብቃለች። እኔ የምጠብቀው ሌላ ነገር ነበር፤ «ካዋይ» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝና ያ ልጅ በእኔ ምክንያት የሚሞት መስሎኝ፣ ምግብ አልወርድ አለኝ። በመንገድ አምቡላንስ ባለፈ ቁጥር ለእሱ ነው እላለሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

እትዬ ዘሐራ ቅዳሜ ጠዋት ሰሊጧን አወጣች። «ያላ፣ ደብተርሽን አምጪ» አለችኝ።

«ለምን? ሥራው ቀርቷል እኮ።»

«ዮኩናይን በነበር ገና አልጨረስኩትም። ጀምሬ አልተውም።»

እሁድም ተማረች። ሰኞም። ጥሩ አልነበረም፣ ዮኩናካታ፣ እያለች ሰሊጧን ትቆላለች። አንድም ቀን አላረረችውም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ባለ ሦስት እግር ራክሻ ቆመ። መጀመሪያ የወረደው ዓም ኢድሪስ ነበር፣ የጀሪፉ ቤት ገፊር፣ ነጭ ጺም ያለው ሱዳናዊ ዘበኛ። ቀጥሎ ማዳም ሳቺኮ። ቀጥሎ ማዳም ኖሪኮ፣ ልጇን ታቅፋ። እኔ ሰው አላየሁም፤ የልጁን ሆድ ነው ያየሁት። ይነፋል፣ ይጎድላል። ግድግዳውን ያዝኩ።

ማዳም ሳቺኮ በዐረብኛዋ ነገሩን አስረዳች። ዓም ኢድሪስ ዘሐራ የት ጠፋች ብሎ ጠይቋቸው፣ የሆነውን ሲነግሩት ጉልበቱን እየመታ ስቋል። የልጅ ልጆቹን ሁሉ ቁራ፣ ጉማሬ፣ አህያ እያለ እንዳሳደገ፣ ዘሐራ ያንን ያለችው ለልጁ ብላ እንደሆነ ነግሯቸዋል። ማዳም ኖሪኮ አንድ ቀን ሙሉ ስታስብበት ዋለች አለች። ዛሬ ጠዋት ራሷ ነች እንሂድ ያለችው።

ማዳም ኖሪኮ ሰሊጥ የሚጨስበት ግቢያችን መሃል ቆማ ነበር። ጫማዋ አቧራ ውስጥ ገብቷል። ወደ እትዬ ዘሐራ መጣች፤ ልጇን አየችው፤ ለአንዲት እናት ቀላል ቃል አልነበረም።

«ካዋይኩናይ ዴስ» አለች፤ ልጁንም ለእትዬ ዘሐራ ሰጠቻት።

እትዬ ዘሐራ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ልጁ የቶቧን ጫፍ ይዞ ወደ አፉ ወሰደ። እሷ ፊቷን አንገቱ ውስጥ ቀብራ ቆየች። ጋሽ ብርሃኑ ከሃፍላው ሥር ወጥቶ ዘይት የነካ እጁን እየጠረገ፣ ለዓም ኢድሪስ ሻይ ሊያመጣ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ኢቃማዋም ታደሰ። እነማዳም ኖሪኮ ካርቱም በነበሩበት ጊዜ ሁሉ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ያንን ልጅ ያምራል ያለ ሰው አልነበረም። እናቱም ጭምር።